ሳይጠሩ የሚመጡት አባት፦ የመሪጌታ ኪዳነ ወልድ ሣህሉ የሕይወት ታሪክ

መሪጌታ ኪዳነ ወልድ ሣህሉ ከአባታቸው ከቄስ ሣህሉ ብሩ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አትጠገብ ደርሰህ ጥር 18 ቀን 1943 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ዳር፣ በዘጌ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ በሬ በማይጠመድበት በዚያ አገር እንደ እኩዮቻቸው ሁሉ ቡና እየለቀሙ፣ ጌሾ እየቀነጠሱ፣ አባታቸውን ተከትለው ቅዳሴ እያስቀደሱ አደጉ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጥያቄ ያበዙ ስለ ነበር ቄስ ሣህሉ "ይህ ልጅ ወይ መምህር ይሆናል፣ ወይ ጠበቃ ሆኖ አገር ያስቸግራል" ይሉ እንደ ነበር የሚያውቋቸው ይናገራሉ። መምህር ሆኑ። ማስቸገሩም ጨርሶ አልቀረላቸውም፤ የባሕር ዳሩ የሹም አቦ ሰፈር ዕድርተኛ ይመሰክራል።

ፊደል የቆጠሩት፣ ዳዊት የደገሙት በአባታቸው ሥር ነው። ዕድሜያቸው ለቅኔ ትምህርት ሲደርስ ግን፣ እንደ ዘመኑ የአብነት ተማሪ፣ ለእናታቸው ሳይናገሩ ከቤት ጠፉ። በአብነት ትምህርት ቤት ወግ እናቱ ደጅ ሆኖ የሚማር ልጅ ተማሪ አይባልም። ዘመድ የሚጠይቀው ልጅ ልቡ ይከፈላል፣ ስንቅ የሚላክለትም ቁራሽ ለምኖ በትሕትና መማር ያቅተዋል ይባላል። ስለዚህ መኮብለላቸው ነውር ሳይሆን ወግ ነበር። እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር በሚሻገር ታንኳ ተሳፍረው፣ ከዚያም በእግራቸው ተጉዘው የቅኔ መምህራን አገር ጎንጅ ገቡ።

ወይዘሮ አትጠገብ ልጃቸው ያሉበትን ሲሰሙ በሶ ቋጥረው ያን ሁሉ መንገድ ተከትለዋቸው ሄዱ። ልጅየው እናታቸው ሲመጡ ከሩቅ አይተው ቁጥቋጦ ውስጥ ተደበቁ። እናት ከተማሪዎቹ ጎጆ ደጅ ተቀምጠው ዋሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሶውን ለመምህሩ ሰጥተው፣ "ባላየውም ይማርልኝ" ብለው ተመለሱ። ጓደኞቻቸው "ይህ ነው የጨከነ ተማሪ!" ብለው አደነቋቸው። መሪጌታም ይህን ለረጅም ዘመን እንደ ጀብዱ ያወሩት ነበር። ማውራቱን ለምን እንደ ተዉት ትንሽ ቆይተን እንደርስበታለን።

በቅኔ ተመርቀው፣ ዜማውንና አቋቋሙንም ተምረው ከጨረሱ በኋላ በ1965 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳር መጥተው በመሪጌትነት ማገልገል ጀመሩ። ከ1968 ዓ.ም. አንሥቶ ደግሞ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆነው እስከ ጡረታቸው ድረስ ሠርተዋል። ማኅሌት ቆመው ያደሩ ቀን እንኳ ሥራ አይቀሩም ነበር። ጥምጥማቸውን አጥብቀው፣ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጥረው፣ በብስክሌት በዘንባባው ሥር ሲከንፉ ያያቸው የባሕር ዳር ሰው መቼም አይረሳቸውም። ብስክሌታቸውም እንደ እሳቸው ዕረፍት የማያውቅ ነበርና፣ ጎማ በማስጠገን ሰበብ ከብስክሌት ጠጋኙ ከአቶ ገድሉ ጋር ተዋወቁ። የዚህን ሰው ስም አድማጭ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን።

በ1972 ዓ.ም. ከሐሙሲት ተወላጅ ከወይዘሮ ኪዲ አምሐ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው፣ ሹም አቦ ጎጇቸውን ቀለሱ። እግዚአብሔርም ቃልኪዳንን፣ ጥዑመ ልሳንንና ብሥራትን ሰጣቸው። መሪጌታ ለልጆቻቸው የሚሰስቱት ነገር አልነበረም። መስከረም ሳይጠባ የደንብ ልብሱ ተሰፍቶ፣ ደብተሩ ተሸፍኖ፣ ጫማው ተገዝቶ ያልቃል። አንድ ነገር ብቻ አያደርጉም ነበር፤ ትምህርት ቤት አይሄዱም። የልጆቻቸውን መምህር ስም አያውቁም፣ "ዛሬ ምን ተማራችሁ?" ብለውም አይጠይቁም። ሰንፈው ወይም ንቀው አይደለም። ትምህርት ማለት ለእሳቸው ያው የጎንጁ ነበርና፣ ወላጅ ከተማሪ በራቀ ቁጥር ልጁ ይበስላል ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር። ልጆቹ ግን አባታቸው ለምን ዝም እንዳሉ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ጎንጅን አላዩ፣ ቁራሽ አልለመኑ፤ የሚያዩት የጓደኞቻቸው አባት መጥቶ የእነሱ አለመምጣቱን ብቻ ነው።

በ1986 ዓ.ም. ቃልኪዳን ስድስተኛ ክፍል ደርሳ ለሚኒስትሪ ፈተና የምትዘጋጅበት ዓመት ነበር። ሒሳብ ከበዳት። የከበዳትን የምትነግረው ሰው ስላጣች፣ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ በአጥር ሾልካ ሐይቅ ዳር መቀመጥ ጀመረች። መምህሯ ደረሱባትና ተማሪ ሁሉ የሚፈራውን ትእዛዝ አዘዙባት፦ ወላጅ አምጪ። ወላጇን ሳታመጣ ክፍል እንዳትገባ፣ ከቀረችም ፈተናው እንደሚያመልጣት ነገሯት። እናቷ ወይዘሮ ኪዲ በዚያ ሰሞን የታመሙ እናታቸውን ለማስታመም ሐሙሲት ነበሩ። ልጅቱ እየፈራች ለአባቷ ነገረች።

መሪጌታ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ረጋ ብለው፣ "እኔ ይህን ሁሉ ስማር ወላጅህን አምጣ ያለኝ የለም። እንዲያውም እናቴ መጥታ ተደብቄባታለሁ። ሂጂ፣ ከመምህርሽ ጋር ተስማሚ" አሏት።

ቃልኪዳን በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ወደ አቶ ገድሉ ሱቅ ሄዳ የተገለበጠ ብስክሌት አጠገብ ቆመች። "ጋሼ ገድሉ፣ ለዛሬ ብቻ አባቴ ይሁኑልኝ" አለች። አቶ ገድሉ መጀመሪያ ሳቁ። አባትየውን ያውቋቸዋላ! የመሪጌታን ስም ይዞ መምህር ፊት መቆም ሌላው ቢቀር ኃጢአት መስሎ ታያቸው። ቀጥሎ የልጅቱን ፊት ሲያዩ ሳቃቸውን ተዉት። እጃቸውን በላርጎ ሳሙና ታጥበው፣ ከጎረቤት ኮት ተውሰው፣ የቁጥር አንድ ፈሪ ተማሪ መስለው ከኋላዋ ተከተሉ። መምህሩ ፊትም "የቃልኪዳን አባት ኪዳነ ወልድ ነኝ" አሉ። ልጅቱ ከእንግዲህ እንደማትቀርም ቃል ገቡ።

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን እዚያው ረስቶት ይገባ ነበር። ብዙ ተማሪ ወላጅ ተውሶ ያውቃል፤ ይህ ጽሑፍ ሲነበብ አንገታቸውን የደፉ ሽማግሌዎች እንደሚኖሩም አንጠራጠርም። አቶ ገድሉ ግን ቃል ከገቡ ገቡ ነው። ልጅቱ ከትምህርት ስትመለስ በሱቃቸው ደጅ ታልፋለች፤ ሁልጊዜ ከብስክሌቱ ቀና ብለው "ዛሬስ ገብተሻል?" ይሏታል። "ገብቻለሁ" ስትል "ምን ከበደሽ?" ይላሉ። ክፍልፋይ ከብዷት ከሆነ እሳቸውም አያውቁትም። ቢሆንም ቁልፋቸውን አስቀምጠው ያዳምጣሉ። ልጅቱ ለማስረዳት ስትሞክር የገባትና ያልገባት ይለያል፣ ያልገባትን በማግስቱ መምህሯን ትጠይቃለች። አቶ ገድሉም አልፎ አልፎ ኮት እየተዋሱ ትምህርት ቤት ብቅ ይሉና ስለ "ልጃቸው" ይጠይቃሉ። በዚህ ዓይነት ግቢው ሁሉ አቶ ኪዳነ ወልድ ብሎ አወቃቸው።

ሰኔ መጣ። ቃልኪዳን ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት ከማለፏም በላይ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች። ትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ሲያዘጋጅ እንደ ልማዱ የሃይማኖት አባቶችንና ሽማግሌዎችን በክብር እንግድነት ጠራ፤ ቡራኬ እንዲሰጡ ከተጠሩት አንዱ መሪጌታ ነበሩ። የተጠሩት በወላጅነት አይደለም። ሰው ሁሉ መሪጌታ ብቻ ስለሚላቸው፣ ግቢው ውስጥ ልጅ እንዳላቸው የሚያውቅ መምህር አልነበረም። ከፊት ለፊት ባለው አግዳሚ፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው ተቀመጡ።

ሽልማት ተጀመረ። "ሁለተኛ የወጣችው ተማሪ ቃልኪዳን ኪዳነ ወልድ! አባቷም አብረው ወደ መድረክ እንዲመጡልን" ተባለ። መሪጌታ ደንገጥ ብለው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ለመነሣት ከአግዳሚው ቀና እንዳሉ፣ ከወላጆች መካከል ኮት የለበሱት አቶ ገድሉ ተነሥተው ወደ መድረክ ሲራመዱ አዩ። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ቃልኪዳን መድረኩ ላይ ሆና ሁለቱንም አባቶቿን በአንድ ጊዜ አየችና ደርቃ ቀረች።

አቶ ገድሉም መሪጌታን ያዩት ያን ጊዜ ነው። መንገዳቸውን ለውጠው ወደ አግዳሚው መጡና ጎንበስ ብለው፣ ሌላ ሰው በማይሰማበት ድምፅ፣ "መሪጌታ፣ በእግዜር ይማሩኝ። ቦታው የእርስዎ ነው" አሉ።

መሪጌታ ንዴትም ኀፍረትም ነበራቸው። አንደበታቸው የተናገረው ግን እንዲህ ነው፦ "ሂድ ተቀበል፣ ገድሉ። የደከምህበት አንተ ነህ። ያልዘራሁትን አላጭድም።" አቶ ገድሉ ወደ መድረኩ ወጥተው ከልጅቱ ጋር ሽልማቱን ተቀበሉ። ከአግዳሚው ላይ ከሁሉ አስቀድመው ቆመው ያጨበጨቡት መሪጌታ ኪዳነ ወልድ ነበሩ። በእናት በአባት ፊት ቡራኬ ሲሰጡም እንባቸው ጢማቸውን አርሶት ነበር፤ ሕዝቡ መንፈስ ቅዱስ የወረደ መስሎት ይበልጥ ሰገደ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ቃልኪዳን ዱላ ጠበቀች። አባቷ ግን ወደ ሐይቁ ዳር ወሰዷት። ከዚያ ድንጋይ ላይ አስቀምጠዋት የጎንጁን ታሪክ ነገሯት። ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች፤ በዚያ ቀን ግን እንደ ድሮው እየሳቁ አልነገሯትም። እናታቸው ደጅ ላይ የዋሉባትን ፀሐይ ነገሯት። "እናቴ የመጣችልኝ ልታሰንፈኝ አልነበረም። ያን ጊዜ አልገባኝም። አንቺንም በዚያው ዓይን አየሁሽ" አሉ። ቀጥለውም፣ "ከመስከረም ጀምሮ ቢጠሩኝም ባይጠሩኝም እመጣለሁ" ብለው ቃል ገቡላት። ከዚያ ወዲህ ያን ታሪክ ለጀብዱ አውርተውት አያውቁም።

ትምህርት ቤቱ ሰባተኛ ክፍልም ስላለው ቃልኪዳን እዚያው ቀጥላ ነበርና፣ መስከረም ሲጠባ ቃላቸውን ሊፈጽሙ ሄዱ። የግቢው ዘበኛ ግን አላስገባም አላቸው። "የቃልኪዳን አባት ነኝ" ቢሉት፣ "አባ፣ ውሸት ለካህን አይገባም። አባቷን እኛ እናውቃቸዋለን" አለ። ቢያስረዱ፣ ቢምሉ፣ አልሆነም። በመጨረሻ የብስክሌት ጠጋኙን ጠርተው፣ አቶ ገድሉ በትምህርት ቤቱ ደጅ ቆመው የልጅቱ አባት እኚህ መሆናቸውን መሰከሩላቸው። በኋላ ርእሰ መምህሩ ሁለቱንም አስቀምጠው ጉዳዩን ሲሰሙ መሣቅና መገሠጽ ተምታቶባቸው ነበር ይባላል። መሪጌታ ግን ይህን ሲናገሩ፣ "በልጄ አባትነት ምስክር ያስፈለገኝ ሰው ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ምስክር እንዳያስፈልገኝ ስል ነው የተመላለስሁት" ይሉ ነበር።

እውነትም ተመላለሱ። ጥዑመ ልሳንና ብሥራት "አባባ፣ ዛሬ እንኳ ይቅርብን" እስኪሉ ድረስ! ከመምህራን ጋር ሲገናኙ ስለ ደረጃ አይጠይቁም ነበር። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ "ልጄ ምን ይወዳል? ምን ይፈራል?" ነበር። መጀመሪያ ግራ የተጋቡት መምህራን በኋላ ላይ መልሱን አዘጋጅተው መጠበቅ ጀመሩ።

ቤት ውስጥም የሚያውቁትን አንድ ነገር አወጡ፤ ቅኔ ቤትን። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀኑን ሙሉ ብቻውን ተቀምጦ ያሰበውን ማታ ለመምህሩ ይነግራል። የትናንቱን የደገመ፣ የሰው የወሰደ ያፍራል። አዲስ ያመጣ ግን፣ ቢሳሳትም፣ ይታረማል እንጂ አይናቅም። መሪጌታ ይህን ሳሎን ውስጥ ተከሉት። ራት ከመቅረቡ በፊት እያንዳንዱ ልጅ በዚያ ቀን ከተማረው ተነሥቶ በመጽሐፉ ላይ የሌለ አንድ አዲስ ነገር ማምጣት አለበት፤ የራሱን የሒሳብ ጥያቄ ቢሆን፣ ተክል ላይ ያየው ነገር ቢሆን። አባትየው የአልጀብራን ነገር አያውቁም፤ ስለማያውቁም አይታለሉም ነበር። "እስቲ ለምን?" ይላሉ። ልጁ ያስረዳል። "እሱስ ለምን?" ይላሉ። ሽሮው እየቀዘቀዘ ወይዘሮ ኪዲ "ኧረ ልጆቹ ይብሉ!" እስኪሉ ድረስ ነገሩ ይቀጥላል። ነገሩ ሲገባቸው እንደ ቅኔ ቤቱ ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ይበል!" ይላሉ። ያቺን ቃል ለማግኘት ልጆቻቸው ምን ያህል እንደ ደከሙ እነሱ ያውቃሉ።

ይህ ሁሉ ሲባል ልጆቹ ሁሉ አንደኛ ወጡ ማለት አይደለም። ጥዑመ ልሳን አሥረኛ ክፍል ላይ ፈተናው አልሆነለትም። ዘመድ አዝማድ ሊያጽናና ሲመጣ መሪጌታ፣ "ሰው ሞተብኝ እንዴ? ልጄ ሌላ ትምህርት ቤት ገባ እንጂ" ብለው መለሱ። የገባበትም ትምህርት ቤት የአቶ ገድሉ ሱቅ ነበር። አባትየው እዚያም ሳይጠሩ እየሄዱ፣ በበርጩማ ተቀምጠው፣ ብየዳ ሲማር "ለምን?" እያሉ ይጠይቁት ነበር። ጥዑመ ልሳን ዛሬ በሐሙሲት የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለው፤ ከእጁ ተምረው የወጡ ወጣቶችም በየከተማው አሉ። ብሥራት ፋርማሲስት ሆኖ በደብረ ታቦር ይሠራል። ያቺ ከሒሳብ ሸሽታ ሐይቅ ዳር የምትቀመጠው ቃልኪዳን የሒሳብ መምህርት ሆነች። ክፍሏን ጥሎ የሚጠፋ ተማሪ ሲኖርም ወላጅ አምጣ አትለውም፤ ራሷ ወደ ቤቱ ትሄዳለች።

የሹም አቦ ዕድርን ያስቸገሩትም ልጆቻቸው ገና ተማሪዎች ሳሉ ነው። አንድ እሑድ በስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ "ከጎረቤቱ ቀብር የቀረ ይቀጣል። ከልጁ የወላጆች ቀን የቀረስ? ሙት ላይቀየም ይችላል፤ ልጅ ግን ይቀየማል" አሉ። ሳቅ ሆነ፣ ጭቅጭቅም ሆነ። አንዳንዱ የዕድር ሥራ አይደለም አለ። እሳቸው ግን እንደ አባታቸው ትንቢት ጠበቃ ሆነው ተሟገቱ፣ አስወሰኑም። ከልጁ ትምህርት ቤት የቀረ ወላጅ በሚቀጥለው ለቅሶ ድንኳን ተሸክሞ ይተክላል ተባለ። በመጀመሪያው ዓመት ድንኳን ተሸካሚ ሞልቶ ተርፎ ነበር። እየቆየ ግን የዕድሩ ዳኛ፣ "መሪጌታ፣ ሰው ሁሉ ትምህርት ቤት እየሄደብን ድንኳን የሚተክል ሰው አጣን እኮ" ብለው ምርር አሉባቸው። መሪጌታ በሕይወታቸው ካገኙት ሹመት ሁሉ ያን እሮሮ ያስበልጡ ነበር።

ሐይቁ ላይ ሲሠሩ የሚሰነብቱ ወላጆችንም አልዘነጉም። ጎረቤታቸው አቶ ሳሊህ ጀልባ ሠሪና ዓሣ አጥማጅ ስለ ሆኑ የልጃቸው የሪሃና የወላጆች ቀን ሲደርስ ውኃ ላይ ይሆናሉ። "ሳሊህ፣ እኔ ልሂድልህ፤ አንተ ስትመጣ የሰማሁትን አንድ ሳላስቀር እነግርሃለሁ" አሏቸው። ባለ ጥምጥሙ መሪጌታ ሒጃብ ከለበሰችው ሪሃና አጠገብ ተቀምጠው ለመምህሯ "ምን ትወዳለች? ምን ትፈራለች?" ሲሉ ያየ ሁሉ ይገረም ነበር። አቶ ሳሊህ ሲመለሱ ደግሞ ዓሣቸውን እንኳ ሳያወርዱ የልጃቸውን ነገር ከመሪጌታ አፍ ቁጭ ብለው ይሰሙ ነበር። ሪሃና ዛሬ ሐኪም ናት። በመጨረሻው ሕመማቸውም ከአልጋቸው አልራቀችም።

ከጡረታ በኋላ መሪጌታ በቤታቸው ቅጥር ቅኔ ያስተምሩ ነበር። በእሳቸው ጉባኤ አንድ አዲስ ደንብ ነበር፤ የተማሪ እናት ስትመጣ ተማሪው ወጥቶ ይቀበላታል፣ የተቀኘውንም ይነግራታል። ግእዝ ባትሰማም ይነግራታል። አንዳንድ የሙያ ወንድሞቻቸው "ወግ አፈረሱ" ብለው ቅር ተሰኝተውባቸው ነበር። መሪጌታ ስለ ሌላው ነገር ሁሉ ይከራከራሉ፤ ስለዚህ ግን ዝም ብለው ይሰሙና ደንቡን አይለውጡም ነበር። ልጇን አግኝታ፣ ስማ የምትመለስ እናት ባዩ ቀን ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ እኛ ቤተሰቦቻቸው እናውቃለን።

መሪጌታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ሚያዝያ ሕመሙ ስለ ጠናባቸው ባሕር ዳር ሆስፒታል ገቡ። ግንቦት 14 ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ መምህርት ቃልኪዳን ከአጠገባቸው ነበሩ። በዚያው ዕለት የመምህርቷ ልጅ የአደይ ክፍል ተማሪዎች በወላጆቻቸው ፊት ጥናታቸውን የሚያቀርቡበት ቀን ነበር። መምህርት ቃልኪዳን አባታቸውን ትተው መሄድ አልሆነላቸውም፤ ስለ ቀኑም ምንም አልተናገሩም። መሪጌታ ግን የልጅ ልጆቻቸውን የትምህርት ቤት ቀን ከበዓላት ጋር አብረው ነበር የሚቆጥሩት። "ዛሬ የአደይ ቀን አይደለም? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አሉ። ልጃቸው እያለቀሱ "አባባ፣ እርስዎን ጥዬ?" ቢሉ፣ "እኔን ሐኪም ይጠብቀኛል፣ እናትሽም አለች፣ እግዜርም አለ። እዚያ ግን ወንበርሽ ባዶ ነው። ተነሺ!" ብለው ተቆጡ። በሕይወታቸው የተቆጡት የመጨረሻ ቁጣ ይህ ነው።

መምህርት ቃልኪዳን ሄዱ። ከሰዓት በኋላም አደይን ይዘው ተመለሱ። አደይ በአያቷ አልጋ ጫፍ ቆማ፣ ክፍል ውስጥ እንዳቀረበችው፣ እምቦጭ የጣናን ውኃ እንዴት እንደሚሸፍነው፣ ዓሣውም ለምን እንደሚሸሽ አስረዳች። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሕመም አሸንፏቸው የተኙ መስሎን ሳለ፣ "እምቦጩ መጀመሪያ እንዴት ጣና ገባ?" አሉ። አደይ አሰበችና "አላውቅም አያያ" አለች። ፈገግ ብለው እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። "ጎሽ! አላውቅም ያለ ያውቃል። ጠይቀሽ ድረሺበት፤ ለእናትሽ ንገሪያት" አሏት። ለሰው የተናገሩት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። አርብ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ ቤተሰቦቻቸው በአጠገባቸው እያሉ በሰላም ዐረፉ።

መሪጌታ ኪዳነ ወልድ ሣህሉ ባለትዳርና የሁለት ወንዶችና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ሲሆኑ፣ የልጅ ልጆችም አይተዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኪዲ አምሐን፣ ልጆቻቸውን መምህርት ቃልኪዳንን፣ አቶ ጥዑመ ልሳንንና አቶ ብሥራትን፣ እንዲሁም ከሥጋ ወንድም ሳያሳንሱ ያከበሯቸውን፣ ዛሬም ከሬሳው ሳጥን ራስጌ የቆሙትን አቶ ገድሉን ትተውልን ሄደዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ቅዳሜ ግንቦት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ወዳጅ ዘመዶቻቸው፣ የአብነትና የዘመናዊ ትምህርት ልጆቻቸው በተገኙበት ይፈጸማል።

በሐዘናችን ጊዜ ከሩቅም ከቅርብም ለደረሳችሁልን ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። ሠልስታቸው ሰኞ ነው። መሪጌታ ከመሞታቸው በፊት ስለ ሠልስታቸው አንድ ትእዛዝ ሰጥተዋልና ሳናስቀር እናደርሳለን። ሠልስቱ በትምህርት ቀን ከዋለ፣ የልጅ ልጆቻቸው ጥቁር ለብሰው ቤት እንዳይውሉ፣ ትምህርት ቤት እንዲሄዱ ብለዋል። እናንተም ልጅ ያላችሁ መጀመሪያ ልጆቻችሁን አድርሳችሁ፣ ከመምህራቸው ጋር ተነጋግራችሁ፣ ከዚያ ኑ። አርፍዶ የሚመጣውን ቤተሰቡ አይቀየምም፤ ማልዶ ከደረሰው ግን "ልጅህን ለማን ተውህ?" ብለን እንጠይቃለን።

እግዚአብሔር የመሪጌታ ኪዳነ ወልድን ነፍስ እንደ አብርሃም እንደ ይስሐቅ ካሉ ደጋግ አባቶች ጋር ያሳርፍልን፤ ከልጅዋ ደጅ ባዶ እጅዋን ከተመለሰችው እናታቸው ጋር ፊት ለፊት ያገናኝልን። አሜን።